ይሉኝታን ለመተርጎም የተጠራ፣ ባዮቹ ግን ያልተገኙበት ስብሰባ

የባለ አራት ፎቁ ሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ በ9፡35 የተጀመረ
ቦታ፦ ምድር ቤት፣ ከፋርማሲው በስተጀርባ ያለው የዕቃ ክፍል። ወንበር ስለሌለ አባላት በካርቶኖች ላይ ተቀምጠዋል። የካርቶኖቹን ጽሑፍ ጸሐፊው አስቀድሞ ወደ ግድግዳ አዙሮታል።

የተገኙ አባላት፦
1. የሦስተኛ ፎቁ ጋሼ፣ ከማርሽ ባንድ በጡረታ የተገለሉ ትራምፔት ነፊ፣ ሊቀመንበር
2. ባለቤታቸው እትዬ፣ የደረጃ ጽዳት ተቆጣጣሪ
3. የሁለተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ አባል
4. የአራተኛ ፎቁ ጥርስ ሐኪም፣ አባል
5. የአንደኛ ፎቋ ጡረተኛ መምህርት፣ አባል
6. የምድር ቤቱ ፋርማሲስት፣ ጸሐፊ

በታዛቢነት፦ የመምህርት ምራት፣ አመልካች። የስምንት ወር ልጇም በጋሪው ውስጥ ተኝቶ ተገኝቷል።

ያልተገኙ፦ የሁለተኛ ፎቁ ሹፌር። የመስክ ሥራ ላይ መሆኑን በስልክ አስታውቋል። ጫማው ግን በሩ ላይ ታይቷል።

ከሰባት አባላት ስድስቱ በመገኘታቸው ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሕፃኑ እንዳይነቃ ስብሰባው በሹክሹክታ እንዲካሄድ መምህርት አሳሰቡ። ሊቀመንበሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በስታዲየም ሲነፉ የኖሩ መሆናቸውን፣ ሹክሹክታ የሚባል ነገር ደረታቸው እንደማያውቅ ገልጸው፣ ለማንኛውም እንደሚሞክሩ ቃል ገቡ። ባለቤታቸው ሐሳቡ ሁለት ጊዜ ከተደገመላቸው በኋላ ተስማምተዋል።

አጀንዳ 1፦ የቀረበውን ማመልከቻ መስማት

ጸሐፊው ማመልከቻውን በንባብ አሰማ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦

«ለተከበራችሁ ኮሚቴ። ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ከአሥር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን አንኳኳሁ። ጋሼን "ትራምፔትዎ ልጄን ይቀሰቅሰዋል፤ እባክዎ በዚህ ሰዓት አይንፉ" አልኳቸው። እሳቸውም "ይሉኝታ የላትም እንዴ ይቺ ልጅ!" አሉ። ቃሉን በደብተሬ ጻፍኩት። ደብተሬ ሦስት ዓምድ አለው፦ ቃሉ፣ ትርጉሙ፣ ዛሬ የተጠቀምኩበት። የይሉኝታ ሁለቱ ዓምዶች ባዶ ናቸው። ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ ሳቀ። አማቴን ጠየቅኋቸው፤ "ተይው ልጄ" አሉኝ። ይሉኝታ ጥሩ ነገር ከሆነ የት እንደሚገኝ ይነገረኝ። መጥፎ ከሆነ ስለሌለኝ እንኳን ደስ አለኝ። ትርጉሙን ከሦስት የየዕለት ዓረፍተ ነገሮች ጋር እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።»

መምህርት ማብራሪያ ሰጡ። ምራታቸው በተወለደችበት አገር ነርስ የነበረች ሲሆን፣ እዚህ በሙያዋ ለመሥራት የቋንቋ ፈተና ማለፍ አለባት። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለማጥናት ጊዜ የምታገኘው ሕፃኑ ሲተኛ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የሚተኛው ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ነው። ሊቀመንበሩም የልምምድ ሰዓታቸው ከስምንት እስከ አሥር መሆኑን አስታውሰው፣ ማን ቀድሞ እንደጀመረ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠየቁ። ሰፍሯል፦ ሊቀመንበሩ በአሥር ዓመት ይቀድማሉ።

ሊቀመንበሩ በመቀጠል፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ በኖሩበት አሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው ስለ ትራምፔታቸው በራቸውን አንኳኩቶ እንደማያውቅ ገለጹ። ይህ እውነት መሆኑን አባላት በሙሉ አረጋግጠዋል።

አጀንዳ 2፦ የይሉኝታ ትርጉም

መምህርት ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማሩ በመሆናቸው ቅድሚያ ተሰጥቷቸው፣ ይሉኝታ ማለት «ሰዎች ምን ይሉኛል» ብሎ ራስን መግታት ነው አሉ። ሊቀመንበሩ አጭርና ግልጽ ነው ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሊያልፉ ሲሉ፣ ምራት እጇን አወጣች።

«እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው?» ስትል ጠየቀች።

መምህርት «ሰዎች ናቸዋ» አሉ።

«የትኞቹ? ስማቸውን ልጻፍ።»

በዚህ ነጥብ ላይ ሰፊ ውይይት ተካሄደ። ልብስ ሰፊዋ እስከ ዛሬ እነዚህ ሰዎች፣ ማለትም ባዮቹ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት እንደሚመስሏቸው ገለጹ። የጥርስ ሐኪሙ ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። ጧት ወጥተው ማታ ስለሚገቡ ማንንም ምንም ለማለት ጊዜ እንደሌላቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ሁለተኛ ፎቅን ሲፈሩ መኖራቸውን ተናገሩ። ልብስ ሰፊዋ «እኔን? እኔን ነው ሲፈሩ የኖሩት?» ብለው ድምፃቸውን ከፍ በማድረጋቸው፣ በሕፃኑ ስም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።

ሊቀመንበሩ ነገሩ እንዲጣራ በየተራ ስም እየጠሩ «አንተ ባይ ነህ? እርስዎስ ባይ ነዎት?» እያሉ እያንዳንዱን አባል ጠየቁ። ሁሉም አይደለሁም ብሏል። ጸሐፊውም አይደለሁም ብሏል። ጥርጣሬው ባልተገኘው ሹፌር ላይ አርፎ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ደህና ዋልክ ለማለት እንኳ አፉን የማይከፍት መሆኑ ስለተነሳ በነፃ ተሰናብቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ባዮቹ በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝተው ምን እንደሚሉ በአካል እንዲያስረዱ የጥሪ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው፣ አድራሻቸው ስለማይታወቅም ደብዳቤው ደረጃው ላይ እንዲለጠፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

እነሱ እስኪመጡ ድረስ ኮሚቴው ጊዜያዊ ትርጉም እንዲያዘጋጅ ሐሳብ ቀረበ። የጥርስ ሐኪሙ ከሙያቸው በመነሳት፣ መቆፈሪያውን አስገብተው «ያማል?» ሲሉት «ኧረ ምንም አይልም ዶክተር» እያለ እንባው በጆሮ ግንዱ የሚወርድ በሽተኛ በየቀኑ እንደሚያጋጥማቸው፣ የዚያ እንባ ስም ይሉኝታ እንደሆነ አስረዱ።

ምራት «ታዲያ የማደንዘዣ መርፌ ይጨምሩለታል?» አለች።

«ምንም አይልም ካለኝማ እንዴት ብዬ? ታዝቦኝስ?»

ምራት ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጽፋ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ምን እንደሆነ ጸሐፊው ሊያነብ አልቻለም።

ልብስ ሰፊዋ ደግሞ አንዲት ደንበኛቸውን አነሱ። ሴትዮዋ ቀሚሱን ለክታ፣ በመስታወቱ ፊት አንዴ ዞራ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብላ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ግን ደጃቸውን ረግጣ አታውቅም። መንገድ ላይ ስታያቸው ወደ ማዶ ትሻገራለች። «እጅጌው ጠቧት ይመስለኛል» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «ወይም ብብቷ ጋ ይዟት። ብትነግረኝ ኖሮ እኮ በግማሽ ሰዓት እለቅላት ነበር። የእኔ ልብ ግን ይኸው አራት ዓመት በዚያ እጅጌ ላይ ነው።» ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ትንሽ ተሰብሯል። ጉዳዩ በአጀንዳ ስላልተያዘ ታልፏል።

በመጨረሻም፣ ይሉኝታ ማለት «አንድ ሰው ማለት የሚፈልገውን ሳይል ሌላው እንዲያውቅለት የሚጠብቅበት ጨዋነት» ተብሎ በጊዜያዊነት እንዲጻፍ በስድስት ድምፅ ተወስኗል። ስድስተኛው ድምፅ የሊቀመንበሩ ባለቤት ሲሆን፣ የተገኘው ጥያቄው ሦስት ጊዜ ከተደገመላቸው በኋላ ነው።

አጀንዳ 3፦ ሦስት የየዕለት ዓረፍተ ነገሮች

አጀንዳው ከመጀመሩ በፊት አንድ ክስተት ስብሰባውን ለአሥራ አንድ ደቂቃ አስተጓጉሏል። የሊቀመንበሩ ባለቤት ይዘውት ከመጡት የብስኩት ሳህን ላይ አንዲት ብስኩት ቀርታ ነበር። ሳህኑ ክፍሉን አራት ጊዜ ዞረ። ሐኪሙ «መምህርት ይውሰዱ» ሲሉ፣ መምህርት «ኧረ እኔ ጥግብ ብያለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ ምሳም አልበሉ»፣ ልብስ ሰፊዋ «ጸሐፊው እየጻፈ ደከመ»፣ ጸሐፊው «ጋሼ እያሉ እንዴት ተደርጎ» ተባባሉ። ብስኩቷ ለስድስት እንድትካፈል ሐሳብ ቀርቦ፣ ልብስ ሰፊዋ መቀሳቸውን ቢያወጡም በንጽሕና ምክንያት ውድቅ ሆኗል።

ምራት «ማንም አይፈልጋትም?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም በአንድ ድምፅ አንፈልግም አሉ። እሷም አንስታ በላቻት። ስድስት ጥንድ ዓይን ብስኩቷን እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ድረስ ሸኝቷታል።

ሐኪሙ ከዚህ በመነሳት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አቀረቡ፦ «ይሉኝታ ይዞኝ ብስኩቷ አመለጠችኝ።» ያለ ምንም ክርክር ጸድቋል። ልብስ ሰፊዋ ሁለተኛውን አቀረቡ፦ «ደንበኛዬ በይሉኝታ የጠበባትን ቀሚስ ለብሳ ሄደች።» ይህም ጸድቋል። ሦስተኛውን ጸሐፊው እንዲያቀርብ ተጠየቀ። ጸሐፊው በልቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ሊቀመንበሩ ፊት ለፊቱ ስለተቀመጡ ግን ይሉኝታ ይዞት ሊያቀርበው አልቻለም። የሦስተኛው ቦታ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተወስኗል።

አጀንዳ 4፦ ከሊቀመንበሩ የቀረበ የውሳኔ ሐሳብ

ሊቀመንበሩ፣ ትርጉሙ ከታወቀ ዘንድ ጥፋቱም ታውቋል በማለት የሚከተለውን አቀረቡ፦ ሀ) አመልካቿ በአባላት ፊት ይቅርታ እንድትጠይቅ፤ ለ) የትራምፔት ልምምድ ከስምንት እስከ አሥር ባለበት እንዲቀጥል፤ ሐ) የሕፃኑ የእንቅልፍ ሰዓት ወደ ረፋድ ተዛውሮ ይኸው ለሕፃኑ እንዲገለጽለት።

አስተያየት ተጠየቀ። ሐኪሙ፣ ጋሼ ሲነፉ ሕንፃው ነፍስ እንደሚዘራ ተናገሩ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት ማሽናቸው ራሱ በማርሹ እንደሚሄድ ተናገሩ። መምህርት ጣሪያውን አይተው «እንግዲህ… ጠንካራ ድምፅ ነው» አሉ። ጸሐፊው ከጤና አንጻር እስካሁን የደረሰ ጉዳት በይፋ አልተመዘገበም ብሏል። ጸሐፊው በዚህ አስተያየቱ ዛሬም ያፍራል።

ድምፅ በእጅ ተሰጠ። ሁሉም ግራ ቀኙን አይቶ እጁን አወጣ። የመምህርት እጅ ከጆሯቸው አላለፈም፤ ጆሯቸውን የሚያኩ ቢመስልም በድጋፍ ተቆጥሯል። ሐሳቡ በስድስት ድምፅ አለፈ።

ምራት ደብተሯን ዘጋችው። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። «እሺ» አለች፤ «ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፈተናውንም ሌላ ጊዜ እሞክራለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምን። እኔ እሠራበት በነበረው ሆስፒታል ከባድ ነገር ሲሆን በወረቀት ነበር ድምፅ የምንሰጠው። ስም ሳይጻፍ። እንደዚያ ካደረጋችሁ በደስታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሊቀመንበሩ ከእሳቸው የሚደበቅ ነገር ያለው ሰው በዚህ ቤት ስለሌለ ፈቀዱ። ጸሐፊው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀቶችን ቀድዶ አደለ። ውጤቱን ሊቀመንበሩ ራሳቸው ቆጠሩ፦

የሚደግፍ፦ የለም።
የሚቃወም፦ ስድስት።

ሊቀመንበሩ ወረቀቶቹን ደግመው ቆጠሩ። ገልብጠውም አዩ፤ ከጀርባቸው የሳል ሽሮፕ ስም ብቻ ነበር። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ሐሳቡን ያቀረቡት ጋሼ ስለሆኑ ተቃውሞው ከአምስት ሊበልጥ እንደማይችል፣ ምናልባት የቆጠራ ስህተት ሊኖር እንደሚችል ጠቆሙ።

ሊቀመንበሩ «ስድስተኛው የእኔ ነው» አሉ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ሊቀመንበሩ ይህን ብለው ካርቶናቸው ላይ ተመልሰው በሙሉ ክብደታቸው ተቀመጡ። ካርቶኑ ያን ሁሉ ዓመት የነፉ ሰው ክብደት አልቻለም። ጎኑ ተቀደደና ውስጡ ያለው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ጥጥ ነበር።

«ይሄ ሁሉ ጥጥ ለምንድን ነው?» አሉ።

ጸሐፊው የደንበኞች ጉዳይ የሙያ ምስጢር መሆኑን ገለጸ። ሊቀመንበሩ የሚቀጥለውን ካርቶን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ከግድግዳው አዙረው ጽሑፉን አነበቡ። ጥጥ፣ ጥጥ፣ ጥጥ። ከዚያ ባለቤታቸውን «አንቺ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቁ። ደግመው ጠየቁ። በሦስተኛው ባለቤታቸው ከግራ ጆሯቸው ድብልብል ጥጥ አውጥተው «ምን አልከኝ?» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ሳቃቸውን በመቀሳቸው ቦርሳ አፈኑ። ሕፃኑ ተንቀሳቀሰ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

«አንቺም?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ኖሬ እንዴት ብዬ ልንገርህ?» አሉ ባለቤታቸው። «ቅር ቢልህስ?»

ሊቀመንበሩ ቅር እንዳላላቸው ገልጸው፣ ቀጥሎ ያለው እንዳለ እንዲጻፍ አዘዙ፦

«እዚህ ቤት ስገባ እኮ በድምፅ ማፈኛ ነበር የምነፋው። ቀስ ብዬ፣ ለራሴ። ደረጃ ላይ ሳገኛችሁ "አልረበሽኳችሁም?" አልኳችሁ። "ኧረ ድንቅ ነው!" አላችሁኝ። ማፈኛውን አወጣሁት። "ኧረ ድንቅ ነው!" መስኮቱን ከፈትኩ። "ድንቅ ነው!" ወደ ማርሽ ገባሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? አንድ ሰው መጥቶ በቃህ እስኪለኝ ድረስ ነው ድምፅ ስጨምር የኖርኩት። መጥፎው ካልተነገረኝ ጥሩው የቱ እንደሆነ በምን ልወቅ? ማክሰኞ ይቺ ልጅ ስታንኳኳ ደነገጥኩ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩትን ሰው ሳገኝ ምን እንደምላት ጠፋኝና ሰደብኳት።»

ከዚያ ወደ ምራት ዞረው «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። እውነት ጥሩ ነው ወይ?» አሉ።

ምራት «ማርሹ መጥፎ ነው» አለች። «በጣም መጥፎ ነው። ጥርሴ ውስጥ ይገባል።» ሐኪሙ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። «ሐሙስ ግን አንድ ቀስ ያለ አለ። እሱ ሲጀምር መስኮቴን እከፍታለሁ። ልጄ ይተኛበታል። እኔም ደብተሬን ትቼ እሰማለሁ። እሱ በጣም ቆንጆ ነው።»

ሊቀመንበሩ፣ ሐሙስ ትራምፔቱን የሚያጥቡበት ቀን መሆኑን፣ ካጠቡት በኋላ ውሃው መውጣቱን ለማወቅ ብቻ ቀስ አድርገው እንደሚሞክሩት፣ ያንን የሚሰማ ሰው ይኖራል ብለው በሕልማቸውም አስበው እንደማያውቁ ገለጹ። በዚህ ጊዜ ሌሎቹ አባላት «እኛም እኮ እሱን በጣም ነው የምንወደው፣ ድንቅ ነው» ማለት ጀምረው ነበር። ሊቀመንበሩ እጃቸውን አንስተው «እናንተንማ ሰምቻችኋለሁ» አሉ። ከዚያ በማዘዣ ወረቀት ዓይናቸውን ጠረጉ። ጸሐፊው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጥጥ ከመሸጥ ይልቅ አንድ ቀን ሦስት ፎቅ ቢወጣ ምን ነበረበት ሲል አዘነ፤ ይህም በራሱ ጥያቄ ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ ወደ ቤታቸው ወጥተው ትራምፔቱንና ማፈኛውን ይዘው ተመለሱ። ማፈኛው አቧራ ስለጠጣ በባለቤታቸው ቀሚስ ጫፍ ተወለወለ። የሐሙሱን ቀስ ያለ ዜማ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ጋሪው አድርገው ተጫወቱት። ባለቤታቸው የቀኝ ጆሯቸውንም ጥጥ አወጡ። በመካከሉ የሁለተኛ ፎቁ ሹፌር በካልሲ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ከመስክ አሁን መመለሱን በምልክት አስረዳ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከዜማው በኋላ አባላት ያለ ውይይት የሚከተለውን ወስነዋል። በአጀንዳ 2 እና 4 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ይቅርታው ተሽሯል። የሕፃኑ የእንቅልፍ ሰዓት ባለበት ጸንቷል፤ ልምምዱ በማፈኛ ሆኖ ከአሥር ተኩል በኋላ ይጀመራል። ጊዜያዊው ትርጉም ተሰርዟል። ለባዮቹ ሊጻፍ የነበረው የጥሪ ደብዳቤም ቀርቷል፤ ሁሉም ከመጀመሪያው ጀምሮ በስብሰባው ተገኝተው የነበሩ መሆናቸው ስለታወቀ ነው።

ክፍት የነበረውን ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ምራት ራሷ ደብተሯ ላይ ሞልታ፣ ትክክል መሆኑን ለአማቷ አሳየች። መምህርት አንብበው በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረጉበት። እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ጋሼ ይሉኝታቸውን ትተው "እውነት ጥሩ ነው ወይ?" ብለው ጠየቁኝ።»

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ቀርቦ፣ አባላት «እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሰባት ደቂቃ አለፈ። ምራት አባል ባትሆንም እስክሪብቶውን ተቀብላ ቀድማ ፈርማለች፤ ሌሎቹም ከሥሯ ፈርመዋል። ስብሰባው በ11፡20 ተዘግቷል። ሕፃኑ እስከዚያ ድረስ አልነቃም።